የእድሩን መዝገብ ከ386 ማሽን በሲሪያል ገመድ ማውጣት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 5

የሰፈራችን እድር የአባላት መዝገብና የወርኃዊ መዋጮ ሒሳብ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዘው በአንድ 386 ኤስኤክስ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማሽኑ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ 2 ሜጋባይት ራም ያለውና ኤምኤስ-ዶስ 5 የተጫነበት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ በበራ ቁጥር የሃርድ ዲስኩ ዓይነት በእጅ ይነገረዋል። የእድሩ ጸሐፊ «ዓይነት 17» ብለው በካርቶን ቁራጭ ጽፈው ከስክሪኑ ጎን ለጥፈውታል። በዚያ ዘመን የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚነሣው አብሮ የተሠራ ፕሮግራም) ሠንጠረዥ ዓይነት 17 ማለት 977 ሲሊንደር፣ 5 ራስ እና በየትራኩ 17 ሴክተር ማለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሚይዝ ጠቅላላው 42.5 ሚሊዮን ባይት ይመጣል። የምንፈልገው መዝገብ ግን ወደ 6 ሜጋባይት ብቻ ነው።

የፍሎፒ ማንበቢያው አያነብም፤ የኔትወርክ ካርድ የለም፤ ዩኤስቢ የሚባለው ነገር ገና ባልነበረበት ጊዜ የተሠራ ማሽን ነው። መጀመሪያ የሚታሰበው ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ በዩኤስቢ አስማሚ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ዲስኮች ሴክተርን የሚያውቁት በሲሊንደር፣ በራስና በሴክተር ቁጥር እንጂ በአንድ ተከታታይ ቁጥር ስላልሆነ፣ ብዙዎቹ አስማሚዎች ጭራሽ አያዩአቸውም። ከዚህም በላይ ሠላሳ ዓመት በአንድ ቦታ ሲሽከረከር የኖረን ዲስክ መንቀልና ማንቀሳቀስ ያለ በቂ ምክንያት የሚደረግ ነገር አይደለም። ሁለት ሲሪያል ፖርቶች (መረጃን ቢት በቢት በተራ የሚያሳልፉ) አሉ፤ የፕሮግራም መጻፊያው ቱርቦ ፓስካል 6 በዲስኩ ላይ አለ። የሚያስፈልገው ሁሉ ይኸው ነው።

ሥራው ሁለት አቅጣጫ አለው። መዝገቡ ይወጣል፤ ከታረመ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ምክንያቱም ዶት ማትሪክስ ማተሚያውና የአማርኛ ፊደሉን የሚስለው ፕሮግራም የሚሠሩት ከዚያ ማሽን ጋር ብቻ ነው፤ ጸሐፊውም በየወሩ የሚለጥፉት ዝርዝር እንዳይቋረጥ ይፈልጋሉ። መውጣቱና መግባቱ በፕሮግራም ዓይን እኩል እንዳልሆኑ ኋላ ይታያል።

ከመጀመሬ በፊት ስሌቱን አስቀምጫለሁ። በተለመደው አቀማመጥ፣ ማለትም 8 የመረጃ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ (የስሕተት መፈተሻ ቢት)፣ 1 የማቆሚያ ቢት ከሆነ፣ መነሻውን ቢት ጨምሮ አንድ ባይት 10 ቢት ይወስዳል። በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) ይህ በሰከንድ 960 ባይት ነው፤ 6 ሜጋባይቱም 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በ115200 ባውድ ግን 9 ደቂቃ ይበቃዋል። መብራት እንደልቡ በሚሄድበት ሰፈር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጥቅምት 6

ዛሬ የገመዱ ሥራ ነው። በማሽኑ ጀርባ ባለ 9 ፒን ኮም 1 አለ፤ ማውሱ የተሰካው እዚያ ነው። ባለ 25 ፒኑ ኮም 2 ነጻ ስለሆነ እሱን እጠቀማለሁ። በላፕቶፑ በኩል ያለው የዩኤስቢ ወደ ሲሪያል አስማሚ ባለ 9 ፒን ነው።

ሁለት ኮምፒውተሮችን በቀጥታ የሚያገናኝ ገመድ ሲሠራ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው «2ን ከ3፣ 3ን ከ2 አቆራርጥ» የሚለውን ነው። ይህ ትክክል የሚሆነው ግን ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። በ25 ፒኑ ላይ መላኪያው ፒን 2፣ መቀበያው ፒን 3 ነው፤ በ9 ፒኑ ላይ ደግሞ መቀበያው ፒን 2፣ መላኪያው ፒን 3 ነው። ስለዚህ ከ25 ወደ 9 በሚሄድ የማቆራረጫ ገመድ 2 ከ2፣ 3 ከ3 ጋር ቀጥ ብሎ ይያያዛል፤ መቆራረጡን ፒኖቹ ራሳቸው ሠርተውታል። የምድር መስመሩ የ25ቱ ፒን 7 ከ9ኙ ፒን 5 ጋር ነው። «ልላክ» እና «ላክ» የሚባባሉት መስመሮች ማለትም አርቲኤስ እና ሲቲኤስ፣ የ25ቱ 4 ከ9ኙ 8፣ የ25ቱ 5 ከ9ኙ 7 ጋር ይያያዛሉ። በመጨረሻም የ25ቱ 20 ወደ 9ኙ 6 እና 1፣ የ9ኙ 4 ወደ 25ቱ 6 እና 8 ይሄዳል። ሰባት ሽቦ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ገመዶች አብዛኞቹ ውስጣቸው ሦስት ሽቦ ብቻ ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ልዩነት የላቸውም። በቴስተር አንድ በአንድ ሳይፈተሽ ምንም ገመድ ማመን አይገባም። እኔ ከድሮ የማተሚያ ገመድ ሽቦውን ወስጄ ራሴ በየድኩት፤ እያንዳንዱን ፒንም በድምፅ ፈተሽኩ።

ከማገናኘቴ በፊት ቮልቴጁን ለካሁ። በአርኤስ-232 ደንብ መስመሩ ዝም ሲል አሉታዊ ነው፤ ተቀባይ ከ3 እስከ 15 ቮልት አሉታዊ የሆነውን እንደ «1»፣ በዚያው መጠን አዎንታዊ የሆነውን እንደ «0» ይቆጥረዋል። በ386ቱ ፒን 2 እና ፒን 7 መካከል 11 ቮልት ገደማ አሉታዊ አገኘሁ፤ በአስማሚው በኩል 6 ቮልት ገደማ። ሁለቱም በደንቡ ውስጥ ናቸው። የአርዱኢኖ ዓይነት ሰሌዳዎች የሚሰጡት ሲሪያል በ0 እና በ5 ቮልት መካከል የሚሠራና ምልክቱም የተገለበጠ ነው፤ እሱን ያለ ማክስ232 ወይም ተመሳሳይ መቀየሪያ ከዚህ ፖርት ጋር ማገናኘት ሰሌዳውን ማቃጠል ነው።

ጥቅምት 8

አንድም መስመር ፕሮግራም ሳልጽፍ ፖርቱን በዲበግ አናገርኩት። ከዶስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲበግ «ኦ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፖርት ይጽፋል፤ «አይ» በሚለው ደግሞ ከፖርት ያነባል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ቁጥር የሚቀበለው በሄክሳዴሲማል (ከ9 በላይ ያሉት አኃዞች በላቲን ፊደል በሚጻፉበት በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር) ብቻ ስለሆነ ፊደላቱን በእኛው ፊደል አስቀምጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ ባዮስ ያገኛቸውን ፖርቶች አየሁ፦

-ዲ 40:0
0040:0000 ኤፍ8 03 ኤፍ8 02 00 00 00 00

ዝቅተኛው ባይት ስለሚቀድም ይህ ኮም 1 በ3ኤፍ8፣ ኮም 2 በ2ኤፍ8 ይገኛሉ ማለት ነው። 2ኤፍ8 በአሥር ቤት 760 ነው፤ ከዚህ በኋላ በአሥር ቤት ብጽፈው ለማንበብ ይቀላል። ቺፑ ከ760 እስከ 767 ስምንት አድራሻዎች አሉት። በ760 ባይት ይላካል፣ ይነበባል፤ 761 ኢንተራፕት (ቺፑ ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥበት ጥሪ) የሚፈቀድበት ነው፤ 762 የኢንተራፕቱን ምክንያት ይነግራል፤ 763 የመስመሩን አቀማመጥ ይይዛል፤ 764 የመቆጣጠሪያ መስመሮቹን ያነሣል፣ ይጥላል፤ 765 የመስመሩን፣ 766 ከዚያኛው ወገን የሚመጡትን የመቆጣጠሪያ መስመሮች ሁኔታ ያሳያል። 767 ለማስታወሻ የተተወ ባዶ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነቱን 9600 አድርጌ ቺፑን ወደ ራሱ እንዲያወራ አዘዝኩት፦

-ኦ 2ኤፍቢ 80
-ኦ 2ኤፍ8 0ሲ
-ኦ 2ኤፍ9 00
-ኦ 2ኤፍቢ 03
-ኦ 2ኤፍሲ 10
-ኦ 2ኤፍ8 41
-አይ 2ኤፍዲ
61
-አይ 2ኤፍ8
41

የመጀመሪያው መስመር የ763ን ስምንተኛ ቢት ያነሣል፤ ያ ቢት እስካለ ድረስ 760 እና 761 ባይት መላኪያ መሆናቸው ይቀርና የፍጥነት ማካፈያውን ይይዛሉ። የቺፑ ክሪስታል 1.8432 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለ16 ሲካፈል 115200 ይሰጣል፤ ያ እንደገና ለ12 ሲካፈል 9600 ይሆናል። ከዚያ 3 ሲጻፍ ቢቱ ይወርድና 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ይሆናል። ወደ 764 የተጻፈው 10 በሄክሳ የላኩት ባይት ከቺፑ ሳይወጣ እንዲመለስ ያደርጋል። 765 ላይ የተነበበው 61 ሦስት ነገር ይናገራል፦ መላኪያው ባዶ ነው፣ የመጨረሻው ቢትም ወጥቷል፣ አንድ ባይት ደግሞ ለማንበብ ዝግጁ ነው። ሲነበብ የላኩት 41 ራሱ ነው።

የቺፑን ዓይነትም በዚሁ መንገድ ለየሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ 8250 የሚባለውን ቺፕ ይጠቀም ነበር፤ በ1984 የወጣው ኤቲ 16450ን፣ በ1987 የወጡት ፒኤስ/2 ማሽኖች 16550ን ይዘው መጡ። በ767 የጻፍኩት 55 እንዳለ ተመልሶ ስለተነበበ 8250 አይደለም። በ762 ላይ 1 ጽፌ መልሼ ሳነብ ግን 01 ብቻ አገኘሁ፤ 16550ኤ ቢሆን ኖሮ ሲ1 ይል ነበር። ስለዚህ 16450 ነው፤ ማለትም 16 ባይት የሚያጠራቅመው ወረፋ የለውም። አንድ ባይት ገብቶ ሳይነበብ ቀጣዩ ከደረሰ የመጀመሪያው ጠፍቷል። ቺፑ በሶኬት ላይ የተቀመጠ ባለ 40 እግር ቢሆን ኖሮ በ16550ኤ መተካት ይቻል ነበር፤ የዚህኛው ግን ከዲስክ መቆጣጠሪያው ጋር በአንድ ቺፕ የተጠቃለለ ነው።

ጥቅምት 9

ገመዱን አገናኝቼ 764 ላይ 3 ጻፍኩና 41ን ላክሁ። ላፕቶፑ ሊኑክስ ነው፤ የተላከው ባይት በትክክል ደረሰ። 13 ቁጥርን በላክሁ ጊዜ ግን የደረሰው 10 ሆነ። ከዚያም በ386ቱ በኩል 765ን ሳነብ፣ ማንም ምንም ሳይልክልኝ 61 ይላል።

ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ናቸው። ሊኑክስ ማንኛውንም ሲሪያል ፖርት ሲከፍት ከዚያኛው ጫፍ ሰው በኪቦርድ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ 13ን ወደ 10 ይቀይራል፣ የመጣውንም ፊደል ሰውየው እንዲያየው መልሶ ያስተጋባል። በኤስቲቲዋይ ትእዛዝ ፖርቱን «ሮው» (ጥሬ) አድርጎ ማስተጋባቱን ማጥፋት ያስፈልጋል። በፓይተን የሚሠራ ሰው የተለመደው የሲሪያል ላይብረሪ ይህን ራሱ ስለሚያደርግለት ችግሩን ላያየው ይችላል።

ጥቅምት 12

ላኪውን ፕሮግራም በ386ቱ ላይ በቱርቦ ፓስካል ጻፍኩ። በቅድሚያ ግን ባዮስን ለምን እንደተውኩት መናገር ይገባል። ኢንተራፕት 14 በሄክሳ የሚባለው የባዮስ አገልግሎት ፖርቱን ያዘጋጃል፣ ይልካል፣ ይቀበላል። ጉድለቱ ሦስት ነው። ፍጥነቱ ከ9600 አያልፍም። የሚመጣውን የሚያጠራቅም ባፈር የለውም። ለመላክ ደግሞ ዲኤስአር (ያኛው ወገን ዝግጁ ነው የሚለው) እና ሲቲኤስ የሚባሉት መስመሮች እስኪነሡ ይጠብቃል፤ ሦስት ሽቦ ባለው ገመድ እነዚህ ስለማይነሡ ጠብቆ ጠብቆ ይተወዋል። በዶስ ኮፒ ብሎ ፋይል ወደ ኮም 2 ለመላክ የሞከረ ሰው የሚገጥመው የስሕተት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

በቀጥታ ከቺፑ ጋር መነጋገር የሚጠይቀው ከባዮሱ ብዙም አይበልጥም። ለመላክ የ765 ስድስተኛ ቢት እስኪነሣ መጠበቅ፣ በ766 ሲቲኤስ መነሣቱን ማየት፣ ከዚያ ባይቱን ወደ 760 መጻፍ ብቻ ነው። ቱርቦ ፓስካል «ፖርት» የሚባል ድርድር ስላለው ይህ ሦስት መስመር ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት የሚታየው። የሚልክ ማሽን የጊዜ ገደብ የለበትም። ሰዓት ቆጣሪው ቢያቋርጠው፣ ዲስኩ ቢያዘገየው፣ መስመሩ ትንሽ ዝም ይላል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ስለዚህ ይህ ደካማ ማሽን ወረፋ የሌለው ቺፕ ይዞ በ115200 ያለ ችግር ይልካል። የሚቀበል ማሽን ግን በዚያ ፍጥነት በየ87 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ባይት ይደርሰዋል፤ በ16 ሜጋኸርዝ ይህ 1390 ያህል የፕሮሰሰር ምት ነው። ብዙ ይመስላል። አይደለም።

ጥቅምት 13

ጥሬ ባይት ማፍሰስ አይበቃም፤ ምን እንደደረሰና ምን እንዳልደረሰ የሚያውቅ ስምምነት ያስፈልጋል። ከርሚት የሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም በዲስኩ ላይ ቢኖር ኖሮ በእሱ ሥራዬን እጨርስ ነበር፤ የለም። ስለዚህ ዋርድ ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈውን ኤክስሞደም የሚባለውን የፋይል መላላኪያ ስምምነት መሠረት አደረግኩ። ላኪው 128 ባይት ያለው ጥቅል ይልካል፤ ከፊቱ የመነሻ ምልክት፣ የጥቅሉ ቁጥርና ያ ቁጥር ከ255 ተቀንሶ የሚቀረው አለ፤ ከኋላው መፈተሻ ይከተላል። ተቀባዩ 6 ቁጥርን ከመለሰ ደርሷል፤ 21ን ከመለሰ ይደገም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ኤክስሞደም መፈተሻ የባይቶቹ ድምር ብቻ ነበር። ድምር ቦታ የተለዋወጡ ሁለት ባይቶችን አይለይም፤ ለመዋጮ ሒሳብ ደግሞ 12 እና 21 አንድ አይደሉም። ስለዚህ ኋላ የተጨመረውን ባለ 16 ቢት ሲአርሲ (የባይቶቹን ቅደም ተከተልም የሚፈትሽ ስሌት) ወሰድኩ፤ 256 ቁጥሮች ያሉት ሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ሲነሣ ራሱ ያዘጋጃል።

በ115200 ሳስኬደው ከጠበቅሁት ከግማሽ በታች ፍጥነት አገኘሁ። 386ቱን ከመጠርጠሬ በፊት ስሌቱን አየሁ። ጥቅሉ ከነማሸጊያው 133 ባይት ነው፤ በሽቦው ላይ 11.5 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። አስማሚው ግን የደረሰውን ወደ ላፕቶፑ የሚያሳልፈው በ62 ባይት እየሞላ ነው፤ ካልሞላ እስከ 16 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። 133 ማለት ሁለት ሙሉ 62 እና 9 ትርፍ ነው። እነዚያ 9 ባይቶች በእያንዳንዱ ጥቅል መጨረሻ ላይ ሰዓቱ እስኪደርስ ይቀመጣሉ፤ ላፕቶፑም ጥቅሉ ስላልተሟላለት መልስ አይሰጥም፤ 386ቱም መልስ ስላላገኘ ቀጣዩን አይልክም። ከሚላክበት ጊዜ የሚጠበቅበት ጊዜ በልጧል። በስሌት በሰከንድ 4650 ባይት ገደማ ይመጣል፤ የለካሁትም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። በ9600 ጥቅሉ ራሱ ከ138 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚወስድ 16ቱ ብዙም አይታይም፤ ለዚህም ነው ይህ ነገር ፍጥነት እስኪጨመር ተደብቆ የሚኖረው።

ሁለት መፍትሔ አለ፤ ሁለቱንም አደረግኩ። በሊኑክስ የአስማሚውን የመጠበቂያ ጊዜ ከ16 ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ማውረድ ይቻላል። ጥቅሉንም 1024 ባይት አደረግሁት። ከዚያ በኋላ መጠበቁ ከመላኩ መብለጡ ቀረ።

ጥቅምት 19

የመቀበያው ክፍል ከሁሉ የበለጠ ሥራ የጠየቀ ነው። ፕሮግራሙ 765ን እያየ ቢጠብቅ ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ ባይት ሲደርስ ቺፑ ፕሮሰሰሩን እንዲያቋርጥ በኢንተራፕት አደረግሁት። ኮም 2 የሚጠቀመው የኢንተራፕት መስመር 3ን ነው፤ ይህም የኢንተራፕት አስተናጋጅ ፕሮግራሞች አድራሻ በሚያዝበት ሠንጠረዥ ቁጥር 11 ላይ ይወድቃል። የነበረውን አድራሻ አስቀምጬ የራሴን ተካሁ፤ ከዚያ በ761 የመቀበያ ኢንተራፕትን ፈቀድኩ፣ በፖርት 33 ላይ የመስመር 3ን መከልከያ ቢት አወረድኩ።

በመጻሕፍት ውስጥ በትንሹ የሚጠቀስ አንድ ነገር አለ። በፒሲ ላይ የቺፑ የኢንተራፕት ሽቦ በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ አይሄድም፤ አውት 2 በሚባለው የ764 አራተኛ ቢት በኩል ያልፋል። ያ ቢት ካልተነሣ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ አንድም ኢንተራፕት አይመጣም። ስለዚህ ወደ 764 የሚጻፈው 3 ሳይሆን 11 ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይረቅቃል። የኢንተራፕት መቆጣጠሪያው 8259 በእነዚህ ማሽኖች የሚነቃው ሽቦው ከዝቅ ወደ ከፍ ሲል ነው እንጂ ከፍ ብሎ በመቆየቱ አይደለም። አንዱን ባይት እያስተናገድኩ ሳለ ሌላ ምክንያት ቢፈጠር፣ ለምሳሌ የመስመር ስሕተት ቢመጣ፣ ሽቦው ሳይወርድ ከፍ እንዳለ ይቀራል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ጨርሼ ከወጣሁ አዲስ መነሣት አይኖርም፤ መነሣት ከሌለ ኢንተራፕት የለም፤ ፖርቱ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ይደነቁራል። እንዲህ ያለው ችግር በሰዓታት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚከሰት ሰው ገመዱን ሲጠረጥር ይኖራል። መፍትሔው አስተናጋጁ 762ን ደጋግሞ እያነበበ፣ «የቀረ ምክንያት የለም» የሚለው የመጀመሪያው ቢት እስኪነሣ ድረስ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ፖርት 32 ቁጥር 32ን ጽፎ ለመቆጣጠሪያው ማብቃቱን ይነግራል።

የተነበበው ባይት 4096 ቦታ ባለው ክብ ባፈር ውስጥ ይገባል። የሚያስገባው አስተናጋጅ የራስ ጠቋሚውን ብቻ ይቀይራል፤ የሚያወጣው ዋና ፕሮግራም የጅራት ጠቋሚውን ብቻ። አንዱ የሌላውን ስለማይነካ ኢንተራፕት መዝጋት አያስፈልግም። ብዙ ምሳሌዎች ላይ የሚታየው «ስንት ባይት አለ» የሚል የጋራ ቆጣሪ ግን ሁለቱም ስለሚቀይሩት አንድ ቀን ይዛባል። ባፈሩ ሦስት አራተኛው ሲሞላ አርቲኤስ ይወርዳል፤ ወደ ሩብ ሲቀንስ ይነሣል።

ቱርቦ ፓስካል ፕሮሲጀርን «ኢንተራፕት» ብሎ መሰየም ስለሚፈቅድ ሬጅስተሮቹን ራሱ ያስቀምጣል፣ ይመልሳል። የቁልል (ፕሮግራም ጊዜያዊ መረጃውን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ፍተሻው ግን መጥፋት አለበት፤ ኢንተራፕቱ ሲደርስ ማሽኑ በዶስ ወይም በባዮስ ቁልል ላይ ሊሆን ስለሚችል ፍተሻው «ቁልል ሞልቷል» ብሎ ፕሮግራሙን በሐሰት ይገድለዋል። በአስተናጋጁ ውስጥ ዶስን መጥራትም ክልክል ነው፤ ዶስ ሥራ ላይ እያለ ዳግመኛ ሊገቡበት አይቻልም። ፕሮግራሙ በምንም ምክንያት ሲያበቃ የቀድሞው አድራሻ እንዲመለስ በመውጫ ፕሮሲጀር አሰርሁት፤ ያ ካልተደረገ ከፕሮግራሙ በኋላ የሚደርሰው የመጀመሪያ ባይት ማሽኑን ያደርቀዋል።

ጥቅምት 20

የመቀበያ ፍጥነት ሙከራ። አስተናጋጁ በ765 ሁለተኛ ቢት የሚታየውን የመደራረብ ስሕተት እንዲቆጥር አድርጌ፣ ከላፕቶፑ አንድ ትልቅ ፋይል በተለያየ ፍጥነት ላክሁ። በ115200 መደራረቡ ቀጣይነት ያለው ነው፤ በየ55 ሚሊ ሰከንዱ የሚመጣው የሰዓት ኢንተራፕት ብቻ ባይት ለመዋጥ ይበቃል። በ57600 ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በ38400፣ በየ260 ማይክሮ ሰከንድ አንድ ባይት ሲደርስ፣ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆመ።

ከዚያ ከዶስ ማስጀመሪያ ኮንፊግ ፋይሉ የማስታወሻ አስተዳዳሪውን ኢኤምኤም386ን አውጥቼ በ57600 ደገምኩት፤ መደራረቡ ጠፋ። ይህ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን በቨርቹዋል 8086 ሁኔታ ስለሚያስኬደው እያንዳንዱ ኢንተራፕት በእሱ በኩል ዞሮ ይመጣል፤ የዙረቱ ዋጋ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ሆኖም 38400ን መረጥኩ፤ ኢኤምኤም386ንም ወደ ቦታው መለስኩ። ተመልሶ የሚገባው ዝርዝር 180 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ በ38400 ከ50 ሰከንድ በታች፣ በ57600 ከ35 ሰከንድ በታች ይወስዳል። ለሩብ ደቂቃ ሲባል የሰው ማሽን አቀማመጥ አይነካም።

ኤክስሞደምን በዝግታው የሚነቅፉት ሁሉ የሚረሱት አንድ በጎ ጎን አለው። ጥቅሉ ደርሶ መልሱ እስኪሰጥ ድረስ ላኪው ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ 386ቱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ ብቻ 6ን ይመልሳል። ስለዚህ ዲስክ የሚጽፈው ባዮስ ኢንተራፕቶችን ለጊዜው ቢዘጋ እንኳ የሚመጣ ባይት ስለሌለ የሚጠፋ የለም። ሲያወጣ የጎዳን መጠባበቅ ሲያስገባ ይጠብቀናል።

ጥቅምት 22

መልስ ሲዘገይ ፕሮግራሙ ተስፋ የሚቆርጥበትን ጊዜ የሚለካው በባዮስ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ይጨምራል፣ እኩለ ሌሊት ሲደርስ ከ1573040 ወደ ዜሮ ይመለሳል። የአሁኑ ሲቀነስ የመነሻው ብሎ የሚያሰላ ፕሮግራም በዚያች ቅጽበት አሉታዊ ቁጥር ያገኛል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ 1573040 ይደመርበታል።

ይህንን ለመፈተን ሰዓቱን ሳይ የማሽኑ ሰዓት ከእጄ ሰዓት ጋር ስድስት ሰዓት ይለያያል። ባትሪው ስለሞተ ጸሐፊው ማለዳ ሲያበሩት ሰዓቱን በእጃቸው ያስገባሉ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው እንዴ የሚያስገቡት?»

«ታዲያ በማን አቆጣጠር ላስገባልህ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። ውጤቱ ግን የማሽኑ እኩለ ሌሊት የሚውለው ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። የመብራት መቆራረጥ በሚቀንስበት በንጋት ሰዓት ሥራውን ለማስኬድ አስቤ ስለነበር፣ ያቺ የመደመር መስመር ባትኖር ኖሮ ቆጣሪው ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት ቀጥታ ሥራዬ መሀል ይገባ ነበር።

ጥቅምት 26

መዝገቡ ወጣ። ኤክስሞደም የመጨረሻውን ጥቅል በ26 ቁጥር ስለሚሞላው የፋይሉን ትክክለኛ ርዝመት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ከመረጃው በፊት የፋይሉን ስም፣ ርዝመትና የሙሉ ፋይሉን ሲአርሲ የያዘ ጥቅል አስቀደምኩ። ላፕቶፑም በመልሱ «ይህን ያህል አለኝ» ብሎ ስለሚናገር ላኪው ከዚያ ይቀጥላል። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ ማሽኑ ሲነሣ ዓይነት 17 ተነግሮት ካቆመበት ቀጠለ። በመጨረሻ የሁሉም ፋይሎች ርዝመትና ሲአርሲ በሁለቱም ወገን አንድ ሆኖ ተገኘ።

የአማርኛው ጽሑፍ ስለ 8 ቢት ለሚጠራጠር ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። ፕሮግራሙ የራሱን ፊደል ወደ ቪጂኤ ካርዱ የሚጭን ሲሆን፣ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከሰባት ሰባት ቅርጻቸው ጋር ብቻ 231 ስለሆኑ፣ የቀሩት ዲቃላዎችና ቁጥሮች ሲጨመሩ 256 ቦታ አይበቃም። በመሆኑም አንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ነው፤ ከ128 በላይ ያለውንም ከ32 በታች ያለውንም ይጠቀማል። በ7 ቢት ቢላክ ግማሹ ፊደል ሌላ ፊደል ይሆን ነበር። 17 እና 19 ቁጥሮችን «ቀጥል» እና «ቁም» ለማለት የሚጠቀመው የሶፍትዌር መቆጣጠሪያም ቢመረጥ ኖሮ እነዚያ ሁለት ባይቶች ፊደል ሆነው ሲመጡ መስመሩ ያለ ምክንያት ይቆም ነበር። ሰባቱን ሽቦ የበየድኩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝን ያካተተው ዩኒኮድ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይሆናል፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ስለሆኑ 17 እና 19 በፊደል ውስጥ አይገኙም። ተመልሶ የሚገባው ዝርዝር ግን ወደ ድሮው አጻጻፍ ስለሚቀየር ይህ ጥቅም ለእኛ አይደርሰንም።

ኅዳር 2

የታረመው ዝርዝር በ38400 ገብቶ በዶት ማትሪክሱ ታተመ። ጸሐፊው በየወሩ የሚጠሩት የባች ፋይል (ትእዛዞችን በተራ የሚያስፈጽም) በዋናው ማውጫ ላይ ተቀምጧል፤ ለመላክ «ስጥ»፣ ለመቀበል «ተቀበል» የሚል ምርጫ በማሽኑ የራሱ ፊደል ያሳያል። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ተለጥፎበታል፤ 25 ፒን ያለው ማገናኛ በብዙ ማሽኖች ጀርባ ላይ የማተሚያው ፖርትም ስለሆነ፣ የ386ቱ ጫፍ ላይ «ወንድ ፒን ያለው ፖርት ብቻ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የቀረው የድሮውን አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረው ሠንጠረዥ ነው፤ ከሁለት ባይቶቹ ፊደላት ውስጥ ያልተለዩት የቋ እና የጓ ዝርያዎች ናቸው፤ እነሱን የያዙ የአባላት ስሞችን ከወረቀት መዝገቡ ጋር እያመሳከርኩ ነው።